የገመዱ ዕጢ

ሽቦ የሚሏት ልጅ የሕመምተኛዋን ክፍል ከፍታ በገባች በሁለተኛው ደቂቃ የልብ ምት መከታተያው መሣሪያ ጮኸ። ዛሬም።

ከአልጋው ራስጌ ባለው ስክሪን ላይ ረጋ ብሎ ይሄድ የነበረው አረንጓዴ መስመር እንደ ሰከረ ሰው ተንገዳገደ፤ ቀጥሎ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ላዩ ከታቹ የማይለይ ጥሻ ሆነ። ቁጥሩ ከሰባ ሁለት ወደ መቶ አርባ፣ ከመቶ አርባ ወደ ሁለት መቶ ዘለለ። ነርሷ ከኮሪደሩ እየሮጠች መጣች። አልጋው ላይ የተኙት እናት ዓይናቸውን ጨፍነው ዝም አሉ።

የእናትየው ሴት ልጅ ከቦርሳዋ ትንሽ ደብተር አውጥታ ጻፈች። የትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህር ናት፤ የሰው መዘግየት መጻፍ ሥራዋ ነው።

«አሥር ሰዓት ከአሥር ገባች። አሥር ከአሥራ ሁለት ጮኸ» አለች፣ እየጻፈች። ወደ ወንድሟ ዞረች። «አራት ቀን መጣች፣ አራት ቀን ጮኸ። መሃል ላይ ሁለት ቀን ቀረች፣ የእማዬ ልብ እንደ ሕፃን ተኛ። ከዚህ ወዲያ ምን ምስክር ትፈልጋለህ?»

ወንድሟ፣ የሽቦ ወዳጅ፣ ዓይኑን ወደ ስክሪኑ አዞረ።

ሽቦ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።  እንዴት ነው ሰው በመግባቱ ብቻ የሰው ልብ የሚያስጮኸው?

*

ሽቦ ብሎ ስም ያወጣላት ሰፈሩ ነው። ቀጭን ስለሆነች ነው የሚል አለ፤ እውነቱ ግን የነካት ሁሉ ስለሚነዝረው ነው። ከደረጃ ሥር የተወሸቀች፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማታስቆም የጥገና ሱቅ አላት። ኤሌክትሪክ ያስተማራት የለም። ከተጣለ ሬዲዮ፣ ከተቃጠለ ቴሌቪዥን፣ ከሦስት ጊዜ ንዝረትና ከአንድ ያረረ ቅንድብ ነው የተማረችው። በሯ ላይ በቀይ ቀለም «ዲፕሎማ የለም፤ ሥራ አለ» ብላ ጽፋለች።

ከአምስት ወር በፊት አንድ ረዥም ሰው የእናቱን ሬዲዮ በክንዱ አቅፎ እዚህ በር ላይ ቆመ። ሥራው መሬት መቀየስ ነው። ቀኑን ሙሉ በሦስት እግር ላይ በቆመ መነጽር ሲያነጣጥር ስለሚውል፣ ሰው ሲያይም ሳያውቀው አንድ ዓይኑን ይጨፍናል።

«ምን ትጠቅሰኛለህ?» አለችው፣ ሰላምታውን ሳትመልስ።

«ኧረ አልጠቀስኩሽም። የሥራ ልማድ ነው።»

«ሥራህ ሴት መጥቀስ ነው?»

«መሬት መለካት ነው።»

«እኔ መሬት አይደለሁም። ሁለቱንም ገልጠህ እየኝ።»

ሁለቱንም ገልጦ አያት። ነገር የተበላሸው ያኔ ነው። እሷም መበየጃዋን አስቀመጠች፤ የት እንዳስቀመጠችው ግን እጇን እስኪያቃጥላት ድረስ አላወቀችም።

ሬዲዮውን በአሥር ደቂቃ አዳነችው። በዚያው አንድ ቻርጀር ሸጠችለት፤ ከተጣሉ ዕቃዎች ሆድ እያወጣች በገዛ እጇ የምትሠራውን፣ ከፋብሪካው ይበልጣል ብላ የምትምልበትን ዓይነት። ለእሱ የመረጠችው ገመድ ጫፉ አካባቢ እንደ አውራ ጣት ያለ ጥቁር ጉብታ ነበረው። ገመዱን በጥሳ ጉብታውን አወለቀች፤ ገመዱን መልሳ በየደችው።

«እሱ እብጠት ምንድን ነው?» አላት።

«ዕጢ ነው። ፋብሪካ ገመዱ ውድ እንዲመስል የሚለጥፈው። እኔ ጌጥ አልሸጥም» አለችና ጠረጴዛዋ ሥር ወዳለው ትልቅ ጣሳ ወረወረችው። ጣሳው በዕጢ ግማሽ ደርሷል። ገመድ ባገኘች ቁጥር እንዲሁ ታደርጋለች፤ ሠርታ ለራሷ የያዘችውም ቻርጀር እንደዚያው ዕጢው የወጣለት ነው።

በሦስተኛው ቀን ቀያሹ ሬዲዮውን አቅፎ ተመለሰ።

«ይንጫጫል።»

ከፈተችው። ሬዲዮው እንደ ጠዋት ወፍ ጥርት ብሎ ዘፈነ። «ጆሮህን አስጠግን» አለችው።

በሳምንቱ መጣ። በአሥራ አምስት ቀኑም መጣ። ሁልጊዜ ሱቋ ውስጥ ደህና ነው፤ ቤቱ ሲወስደው ይንጫጫል። በአራተኛው ጊዜ ደረጃው ላይ ጎን ለጎን ቁጭ ብለው ነበር።

«እውነቴን ነው» አላት። «ማታ ማታ እማዬ ስትከፍተው ይንጫጫል።»

«አውቃለሁ። ፍቅር የያዘው ሰው ቤቱ ሁሉ ይንጫጫበታል።»

ሳቀ። ሲስቅ ሁለቱንም ዓይኑን ይጨፍናል። ሬዲዮውን ትቶላት ሄደ፤ እሷም መደርደሪያ ላይ ሰቀለችው እንጂ አልከፈተችውም። ሰበብ ነው ብላለቻ። የሰው ልብ አድርሶ የሚመልስ ዕቃ ምን ይጠገናል?

እናቱ ግን ስለ እሷ ሲነገራቸው ፊታቸውን አጠቆሩ። ባልቴት ናቸው፤ ሁለት ልጅ ብቻቸውን አስተምረው ለወግ ያበቁ። «ከደረጃ ሥር የምትሠራ፣ ትምህርት ቤት የማያውቃት፣ ምላሷ ሦስት ክንድ» አሉ። «ክፉ ናት አልልም። ልቤ ግን አልወደዳትም።»

በወሩ እናትየው ደረጃ ሲወጡ ራሳቸውን ስተው ወደቁ። ሆስፒታል ገቡ፤ ደረታቸው ላይ ገመድ ተለጣጠፈ፤ ሽቦም እንደ ወጉ ልትጠይቃቸው መጣች። ቀኑን ሙሉ በሥራ የደከመ ስልኳን ከራስጌው ሶኬት ሰክታ ሳትቀመጥ መሣሪያው ጮኸ። ልቤ አልወደዳትም ያሉት ሴትዮ፣ ልባቸው ሰው ሁሉ እያየ መሰከረ።

*

ዛሬ በአራተኛው ጩኸት ላይ ሐኪሙ መጣ። ከመሣሪያው የወጣውን ረዥም ወረቀት በጣቱ እየተከተለ አነበበ። ወጣት ነው፤ ክፉ ወሬ መናገር ገና አልለመደም።

«እንዲህ ያለ ምት አደገኛ ነው። የሚያስተካክል ትንሽ መሣሪያ ደረታቸው ውስጥ መቅበር አለብን። ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት።»

እናትየው አሁንም ዓይናቸውን አልገለጡም። ብርድ ልብሱን የያዙ ጣቶቻቸው ብቻ ነጡ።

ሽቦ ስልኳንና ቻርጀሯን ሰብስባ ወጣች። ቀያሹ ደረጃው ላይ ደረሰባት።

«እስኪያልፍ ድረስ…» አለ።

«እንዳልመጣ ነው?»

«ለነገ ብቻ።»

«አንተም አምነሃል ማለት ነው። መርዝ ነኝ።»

አይደለሽም ሊላት ይገባ ነበር። አንዲት ቃል ናት። እሱ ግን የደረጃውን ብረት ይዞ ወደ ታች አየ። ሽቦ ያቺን ቃል ስድስት ደረጃ እስክትወርድ ጠበቀቻት። አልመጣችም።

*

በማግስቱ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሱቋን ከፈተች። አልተኛችም። ሐሳቧ አንድ ነበር፤ ሬዲዮውን አይታ፣ ምንም እንደሌለው አረጋግጣ፣ «ዕቃችሁ ይኸው» ብላ ልትልክላቸው። ከእንግዲህ የእነሱ ነገር ከእሷ ዘንድ እንዳይኖር።

ሬዲዮውን ጠረጴዛው ላይ አቆመችው። ዜና አንባቢው ጥርት ባለ ድምፅ ያወራል። ስልኳ ሊዘጋ ስለነበር አጠገቡ ሰካችው።

ጭርርርር።

ዜና አንባቢው ንብ ቀፎ ውስጥ የገባ መሰለ።

ሽቦ ቀና አለች። ቻርጀሩን ነቀለች። ዜና አንባቢው ከቀፎው ወጣ። ሰካች፤ ገባ። ነቀለች፤ ወጣ። አምስት ጊዜ ሰካች፣ አምስት ጊዜ ነቀለች።

«ለካ እውነቱን ነበር» አለች ለባዶው ሱቅ።

እዚህ ሬዲዮ ስትፈትን ስልክ ሰክታ አታውቅም። እሱ ግን የሸጠችለትን ቻርጀር ማታ ማታ ቤቱ ይሰካል፤ እናቱ ማታ ማታ ሬዲዮ ይከፍታሉ። ስታፌዝበት የከረመችው እውነቱን ተናግሮ ነው።

ዓይኗ ወደ ጣሳው ሄደ። አንድ ዕጢ አነሳች፤ ላዩን ላስቲክ ላጠች። ውስጡ ጥቁር፣ ከባድ፣ ቀዝቃዛ ቀለበት ነው። ስምንት ዓመት ስትጥለው አንድም ቀን ውስጡን አላየችውም። ስልኳ ላይ እየፈለገች ማንበብ ጀመረች።

ፌራይት ይባላል። ከብረት ዝገትና ከሌሎች ማዕድናት ዱቄት ተጠፍጥፎ እንደ ሸክላ የሚጋገር ነው። ስልክ የሚሞላውን ኃይል ዝም ብሎ ያሳልፋል። ቻርጀሩ በሥራ ላይ ሳለ የሚወልደውን ፈጣን ጫጫታ፣ በገመዱ ተንሸራቶ አካባቢውን ሁሉ የሚበጠብጠውን፣ እሱን ብቻ ይዞ ወደ ቅንጣት ሙቀት ይለውጠዋል። ዘበኛ ነው። እሷ ዘበኛውን ጌጥ ብላ ስታባርር ኖራለች።

የቻርጀሯን ገመድ ጫፍ በጥሳ ሁለት ዙር በቀለበቱ ውስጥ አሳለፈችው፤ በየደችው፤ ሰካችው። ዜና አንባቢው በእርጋታ ስለ አየር ሁኔታ ማውራቱን ቀጠለ።

ሽቦ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ሁለተኛው ድንጋጤ ያን ጊዜ ነው የመጣው፤ ከመጀመሪያው የከበደው። ከአልጋው ራስጌ ያለው ሶኬት። እናትየው ደረት ላይ የተለጠፉት ቀጫጭን ገመዶች። ያ መሣሪያም እኮ የሚያዳምጥ ነገር ነው፤ ከሬዲዮ በምን ይለያል?

ዝም ብትል ማንም አያውቅም። አትሄድም፤ መሣሪያው አይጮህም፤ ነገሩ ይረሳል። ብትናገር ደግሞ ሰፈሩ የዓመት መሳቂያ ያገኛል። «ሥራ አለ» ያለችው ልጅ ሥራዋ ምን እንደነበረ ይሰማል። ቀያሹም እናቱን በሐሰት በሽተኛ ያስባለችውን ሴት ምን ብሎ ያገባል?

ግን ሦስት ሰዓት ላይ የደህና ሰው ደረት ሊከፈት ነው።

ያልታረመ ቻርጀር ከእንግዲህ ማንም እጅ እንዳይገባ ያህል ሱቋን በሁለት ቁልፍ ቆለፈችና ሮጠች። ዕጢ ያልገባለት አንድ ቻርጀርና የዳነው ቻርጀሯ ኪሷ ውስጥ ይጋጫሉ።

*

ስትደርስ አልጋው ጎማው ተፈትቶ ሊገፋ ነበር። ሐኪሙ፣ ነርሷ፣ ቀያሹ፣ እህቱ ሁሉም አልጋውን ከበዋል። እህቲቱ በሩ ላይ ክንዷን ዘረጋች።

«ዛሬ እንኳን እዘኚላት።»

«እህቴ፣ ደብተርሽን አውጪ» አለች ሽቦ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «ጻፊ። ሁለት ሰዓት ከአርባ፣ ገባች። አልጮኸም።»

ሁሉም ወደ ስክሪኑ ዞሩ። ሰባ አራት። መስመሩ በደንብ እንደተሰፋ ጠርዝ ይሄዳል። ሽቦ በእህቲቱ ክንድ ሥር ሾልካ ገባች፤ አልጋው አጠገብ ቆመች። አንድ ደቂቃ። ሁለት። ሦስት። ሰባ አራት።

«አሁን ደግሞ እዩ።»

ያልታረመውን ቻርጀር ከስልኳ ጋር አያይዛ ከራስጌው ሶኬት ሰካች። መሣሪያው ጮኸ። ነርሷ ወደ እናትየው ስትዘል ሽቦ ነቀለችው፤ ጸጥ አለ። ሰካችው፤ ጮኸ። ነቀለችው፤ ጸጥ። ከዚያ ቀለበት ያለውን ሰካች። መስመሩ ጥቂት ተርገበገበ፤ ቁጥሩ ግን ከሰባ አራት ንቅንቅ አላለም።



«ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ» አለች። «ጫጫታውን የሚይዘውን ቀለበት ቆርጬ የጣልኩትም እኔ ነኝ። ያልገባኝን ነገር ጌጥ ነው ብዬ። የጮኸው የእማማ ልብ አይደለም። የእኔ ገመድ ነው።»

ሐኪሙ ወረቀቶቹን ከጠረጴዛው አነሳ።  «ያንን ደብተር ስጪኝ» አላት እህቲቱን። የደብተሩን ሰዓት ከወረቀቶቹ ሰዓት አስተያየ፤ የገባችበትን ከጮኸበት፤ የወጣችበትን ከተረጋጋበት። ለክስ የተጻፈው ደብተር መስመር በመስመር የገመዱን ጥፋት ይናገራል። ሐኪሙ የመጨረሻውን ገጽ ዘግቶ ግንባሩን ጠረገ።

«ዛሬ ምንም አንቀብርም። ልብዎ በዚህ ወረቀት ላይ ያለው ልብ አይደለም። የወደቁበትን ቀን እንደገና እናየዋለን፤ የግፊት ኪኒኑን በባዶ ሆድ ነበር የዋጡት ብለውኛል።» ቆም አለ። «እማማ፣ መሣሪያው ሲጮህ ለመሆኑ ምን ይሰማዎ ነበር?»

እናትየው ጣሪያውን አዩ።

«ምንም።»

«ምንም ማለት?» አለች ሴት ልጃቸው።

«ምንም ማለት ምንም ነው። መምህር አይደለሽ? ምንም አታውቂም?» እናትየው ቀስ ብለው ተቃኑ። «በመጀመሪያው ቀን እኔም ደንግጬ ነበር። በሁለተኛው ግን… ልቤ አልወደዳትም ብያለሁ። መሣሪያ ከደገፈኝ ምን ቤት ነኝ ብዬ ልከራከረው? ኋላ ቢላዋው ሲመጣ ደግሞ ዋሸሁ ማለት አፈርኩ። ፈርቼም አፍሬም ዝም አልኩ።»

ልጃቸው ደብተሩን ከሐኪሙ እጅ ወስዳ፣ ከፍታ፣ የምትጽፈው አጥታ ዘጋችው። ቀያሹ ወንበር ፈልጎ ሳያገኝ አልጋው ጫፍ ላይ ወደቀ።

«ደረትሽ ሊከፈት እኮ ነበር፣ እማዬ።»

«አውቃለሁ።»

«እኔ ደግሞ…» ወደ ሽቦ ዞረ። «ትናንት ደረጃው ላይ ዝም ያልኩት ቃል አጥቼ አይደለም። አምኜ ነው። ይቅር በዪኝ።»

«ይቅርታ በተራ ነው» አለችው። «ዛሬ ወረፋው የእኔ ነው። ያንተን ነገ ይዘህ ና።»

ነርሷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጣል። ቀያሹ ግን አልሳቀም። ተነሥቶ በእናቱና በሽቦ መካከል ቆመ።

«እማዬ፣ ገመዱ ደረትሽ ላይ እንዳለ ልንገርሽ። ሐኪሙም እዚህ አለ። ላገባት ነው።»

ሰባ አራት። ሰባ ስምንት። ሰማንያ ሦስት። ሁሉም ቁጥሩን እንደ ሎተሪ ያዩታል። ሰማንያ ስምንት ላይ ቆመ።

«ይሄ ቁጣ ነው ደስታ?» አሉ እናትየው።

«እሱን መሣሪያው አይለይም» አለ ሐኪሙ።

«እኔም አልለየሁትም።» ለረዥም ጊዜ ሽቦን አዩዋት፤ ጥቁር የብየዳ ጠባሳ ካለበት ጣቷ ጀምረው እስካረረው ቅንድቧ። «አንቺ ልጅ፣ ማን ጠየቀሽና ተናገርሽ? ዝም ብትዪ ማን ያውቅብሽ ነበር?»

«ማንም።»

«ታዲያ?»

«ሦስት ሰዓት ሊሆን ነበራ፣ እማማ።»

እናትየው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ስንት እንዲህ ያለ ገመድ ሸጠሻል?»

«ከሦስት መቶ በላይ።»

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«በሬ ላይ እለጥፋለሁ። የገዛ ሁሉ ያምጣ፤ ቀለበቱን በነፃ እመልሳለሁ።»

«ሰው ይስቅብሻል።»

«ይሳቅ።»

«ዲፕሎማሽን አሳዪን ይሉሻል። የሞተ ስልካቸውን ሁሉ ባንቺ ያሳብባሉ። ድሮም እናውቅ ነበር የሚል አሥር ሰው ይመጣል።»

«ይምጣ።»

«እየበየድሽ እየተሳደብሽ? እጅሽ ይቃጠላል። አንዱን ነው መሥራት የሚቻለው።» ብርድ ልብሱን ከእግራቸው ላይ ገፈፉ። «አንቺ በይጂ። እኔ ከዚህ ስወጣ በሩ ላይ እቀመጣለሁ፤ ሰዉን ለእኔ ተዪው። የእኔም ምላስ ሦስት ክንድ ነው፤ ይህ ልጄ ያውቃል።»

  

ስክሪኑ ላይ ቁጥሩ ዝግ እያለ ወደ ሰባ አራት ወረደ። ያንን ያየ ግን አልነበረም። ሁሉም፣ እናትየውም ጭምር፣ የሚያዩት ሽቦን ነበር፤ ቀያሹ ትከሻዋን አቅፎ፣ እሷም ሰው እያያት መሆኑን ረስታ፣ ድምፅ አውጥታ ስታለቅስ።